ቲአር 6፦ ከኋላ ይንኳኳል፣ ፍሬኑ ስፖንጅ ሆኗል፤ ከየት ልጀምር?

ቀዩ ቲአር

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር የማነበው። አሁን ግን የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ።

ትራያምፍ ቲአር 6 አለችኝ፣ የእንግሊዝ ክፍት የስፖርት መኪና። የ1972 ምርት ናት፣ ባለ ሁለት ካርቡራቶር። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ 2.5 ሊትር ሞተር ጠዋት ሲነሳ ያለውን ድምፅ ለምታውቁት መንገር አያስፈልገኝም። ችግሬ ከሞተሩ ወዲህ ነው።

ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ከኋላ "ቋ" ይላል። ነዳጅ ለቅቄ ስመለስበትም አንዳንዴ ይደግመዋል። ፍሬኑ ደግሞ ይይዛል፣ ግን መርገጫው ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል ነው። ሦስት ጊዜ አየር አስወጥቻለሁ፣ ያው ነው። በዚያ ላይ እግሬ ትልቅ ነው። ፍሬን ይዤ በእግሬ ጠርዝ ነዳጅ ነካ እያደረግኩ ማርሽ መቀነስ እፈልጋለሁ። አይሆንም። ፍሬኑ ሲረገጥ ከነዳጅ መስጫው በታች ይወርዳል።

ያሰብኩት ይህን ነው። የፔዳል ሳጥኑን አውጥቼ ባለ ሁለት ማስተር (ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር)፣ ባለ ሚዛን ዘንግ (ግፊቱን ለፊትና ለኋላ ፍሬን የሚያካፍል) የውድድር ሳጥን ልገጥም። የእግሬን ግፊት የሚያግዘውን ሰርቮ ልጥል። ቦዲውን አንስቼ ሻንሲውን ዙሪያውን በላሜራ ላጠንክር። ምን ትላላችሁ?

እንደተሠራ ይቆይ

እኔ የምለው አጭር ነው፤ አትቁረጣት። ከ50 ዓመት በላይ የቆየች መኪና ናት። ፋብሪካው ያወጣትን ፍሬን በትክክል ብታድሰው ይበቃሃል። አንዴ ከቆረጥክ በኋላ መመለሻ የለም።

ብየዳ በሌሊት

አትቁረጥ የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የተሰነጠቀውን ግን ዝም ብለን አናይም። ያቺ "ቋ" የምትለው ድምፅ ለቲአር 6 ባለቤቶች አዲስ አይደለችም። ዲፍረንሻሉ ሻንሲው ላይ የተንጠለጠለው በአራት ፒኖች ነው። ፒኖቹ የተበየዱባቸው የታጠፉ ላሜራዎች ይሰነጠቃሉ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው የፊት ቀኙ ነው። ሞተሩ ዘንጉን ሲያዞር ዲፍረንሻሉ በተቃራኒው ሊጠማዘዝ ይሞክራል፤ ያ ጥምዘዛ ያንን ጥግ ይጎትተዋል። ንድፉ ከ1965ቱ ቲአር 4ኤ የወረደ ነው። የዚያኔው ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ነበር። ቲአር 5 እና ቲአር 6 ባለ 6ቱን ሲያመጡ ያው ላሜራ ነው የተሸከመው።

መኪናውን በመቆሚያ ላይ አሳርፍ። በክሪክ ብቻ እንዳትገባበት። ከዚያ ዲፍረንሻሉን በረጅም ብረት ወደ ላይ ፈልቅቀህ ፒኑ ዙሪያ በመብራት እይ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካየህ አገኘኸው ማለት ነው።

ቀዩ ቲአር

ነገ ከሥር እገባለሁ። ግን ቦዲውን ካነሳሁ ሻንሲውን ሙሉ ብዘጋውስ? ተከፍታ እያለች ሁሉንም አንድ ላይ መጨረስ ይሻላል ብዬ ነው።

ብየዳ በሌሊት

የምን መዝጋት ነው? የሻንሲው ዋና እግሮች ድሮም የተዘጉ ሳጥኖች ናቸው። ሁለት የታጠፉ ላሜራዎች ፊት ለፊት ተገጥመው፣ ስፌታቸው ተበይዶ። ጥያቄው አሁንም ተዘግተው አሉ ወይ ነው።

አንድ ነገር ሞክር። ወፍራም የካርቶን ቱቦ ውሰድና በሁለት እጅህ ጠምዝዘው። እምቢ ይልሃል። ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቀው እንደገና ጠምዝዝ። ጨርቅ ይሆናል። የተጣለ ነገር የለም፣ ክብደቱም ያው ነው። የተዘጋው ተከፈተ፣ በቃ። በብረትም እንደዚሁ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ ጎኑ ሲሰነጠቅ ለመጠምዘዝ ያለው ጥንካሬ ወደ 270 ጊዜ ያህል ይቀንሳል።

ስለዚህ የሻንሲህ ስፌት ከታች በዝገት ከተበላ መኪናህ የተሰነጠቀ ቱቦ ናት። ተጨማሪ ላሜራ ከላይ ብትለጥፍበት ክብደት ብቻ ነው የምትጨምረው። መጀመሪያ ስፌቱን መልስ። የኋላ ክንዶቹ የሚታሰሩባቸው ተሻጋሪ እግሮች ከዋናው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በደንብ ቀጥቅጠህ ስማ። ጭቃና ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። መዶሻው "ቂንጭ" ካለ ደህና ነው፤ "ዱፍ" ካለ ካቻቢቴ ውጋበት። ከገባ ደግሞ ይግባ፣ ዛሬ ማወቅ ይሻልሃል።

ባለ መዝጊያው

ቦዲ ለማንሳት ለሚያስብ ሁሉ፦ በሮቹን ስታወጣ የበሩን ክፍተት ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ በቱቦላሬ ሳታስር እንዳታነሳ! እኔ ሳላስር አነሳሁ። ጣሪያ የሌለው ቦዲ መሃሉ ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይታጠፋል። ስመልሰው የግራው በር 9 ሚሊ ሜትር አልገጥም አለ። ሦስት ወር ነው ያቃጠልኩበት።

ዝም ብዬ አነባለሁ

"ሦስት ወር" ሲባል እኔ ኮፈኔን ዘግቼ ወደ ቤቴ ገባሁ 😂

ሂሳብ ይቅደም

ሻንሲውን ለነሱ ልተውና ወደ ፔዳሉ ልምጣ። ባለ ሁለት ማስተር ሳጥን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ሂሳብ አለ።

የፔዳል ንጻሬ እንዲህ ነው የሚለካው። ፔዳሉ ከሚወዛወዝበት ምሰሶ እስከ መርገጫው መሃል ያለውን ርቀት ውሰድ። ከምሰሶው እስከ መግፊያ ዘንጉ ፒን ላለው ርቀት አካፍል። ለምሳሌ 300 ለ 60 ከሆነ 5 ለ 1 ነው። በ30 ኪሎ ከረገጥክ ማስተሩን የሚገፋው 150 ኪሎ ይሆናል። የማስተሩ ውስጠኛ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፊቱ 2.85 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 150 ለ 2.85፣ ወደ 53 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሰርቮ ሳይቆጠር ማለት ነው።

አሁን ያለህ ማስተር በተከታታይ የተደረደሩ ሁለት ክፍሎች ያሉት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ማስተር ሁለቱም መስመር ያንኑ 53 ያገኛል። የሚዛን ዘንግ ስትገጥም ግን 150ው ኪሎ ለሁለት ይካፈላል፤ ለየማስተሩ 75። በዚያው 19 ሚሊ ሜትር ማስተር ግፊቱ ወደ 26 ወረደ። ግማሽ! ሰርቮህንም ጥለሃል። ሰዎች "የውድድር ፔዳል ገጥሜ መኪናዋ መቆም እምቢ አለች" የሚሉት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ጠባብ ማስተር ነው። 15.9 ሚሊ ሜትር ብታደርገው ፊቱ 1.98 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግፊቱ 38 ይሆናል። ንጻሬውን ወደ 6 ብታሳድገው 45። በነፃ ግን አይመጣም። ማስተሩ 20 ሚሊ ሜትር ለመሄድ በ5 ለ 1 እግርህ 100 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፣ በ6 ለ 1 ደግሞ 120። አንተ የምታማርረው ፔዳሉ ወረደ ብለህ አልነበር?

ቀዩ ቲአር

ይህንን ማንም አልነገረኝም። ሻጩ "ዝም ብለህ ግጠም" ነው ያለኝ።

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ገና ምንም አትግዛ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ አየር አስወጥተህ ካልተለወጠ ችግሩ አየር አይደለም ማለት ነው። የላላ ፔዳል ብዙ አባት አለው። በርካሹ ጀምር።

የኋላ ፍሬንህ ታምቡር ነው፣ በእጅ ነው የሚስተካከለው። ሸራው ከታምቡሩ ከራቀ ያንን ክፍተት ለመሙላት ብቻ ግማሽ ፔዳል ይሄዳል። ከኋላ ሳህኑ ጀርባ ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ አለችው። ጎማው እስኪይዝ አጥብቅ፣ ከዚያ ልክ ነፃ እስኪሆን መልስ። የጎማ ቱቦዎቹንም እይ። ያረጀ ቱቦ ሲረገጥ እንደ ፊኛ ያብጣል፤ ሰው አስረግጠህ በእጅህ ይዘህ ስማው።

ከዚያ ክሩስኮቱ ሥር ተኝተህ የፔዳሉን ፒን ነቅንቀው። በነዚህ መኪናዎች ላይ የፔዳሉ ቀዳዳ ተበልቶ እንደ እንቁላል ይሞላላል። ፒኑ አንድ ሚሊ ሜትር ከተጫወተ በ5 ለ 1 እግርህ ሥር አምስት ሚሊ ሜትር ነው። የፍሪሲዮኑም እንደዚያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል።

ባለ ትልቅ እግር

ጋሼ የጠቀሱትን ቀዳዳ እኔም አገኘሁት። በሞረድ ክብ አድርጌ ወፍራም ፒን ልገጥም ስል አንድ ወዳጄ ከለከለኝ። ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ በልኩ እንደገና በትራፓኖ መብሳት ይሻላል አለኝ። አደረግነው፣ ዳር የለውም ልዩነቱ።

ወንድሜ ቀዩ፣ የእግርህን ነገር አውቀዋለሁ። ፔዳሎቹን ለማቀራረብ ብለህ የፍሬን ክንዱን ቆርጠህ እንዳትበይድ። ያ ክንድ ሲሰበር ተራ በሆነ ቀን አይሰበርም፤ ያለ የሌለ ጉልበትህን በረገጥክበት ቀን ነው። የሚነካው ነዳጅ መስጫው ነው። መርገጫው ላይ በሁለት ቡለን የምትታሰር የአሉሚኒየም ሳህን ሥራ፣ ወደ ፍሬኑ በኩል የሰፋች። ባትወዳት ትፈታታለህ፣ መኪናዋም አልተቆረጠች። እንደተሠራ ይቆይም ደስ ይለዋል።

እንደተሠራ ይቆይ

በቡለን የሚፈታ ነገር ላይ ተቃውሞ የለኝም 🙂

ባለ ትልቅ እግር

ከፍታውን ስትለካ ግን መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉ ነፃ ሆኖ አትለካ። ሞተሩን አስነሳ ሰርቮው እንዲሠራ፣ ፍሬኑን ለድንገት እንደምትቆም አድርገህ ርገጥ፣ እዚያ ላይ ያዝ። በዚያ ሁኔታ ፍሬኑ ከነዳጅ መስጫው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ፍሬን ልትይዝ ስትል ጫማህ ነዳጁንም ይረግጣል።

ከነዳጅ መስጫው በታች ወለሉ ላይ መቆሚያ ግጠም። የቲአር 6 ነዳጅ በዘንግና በመገጣጠሚያ ነው የሚሄደው። ካርቡራቶሩ ሙሉ ተከፍቶ እግርህ አሁንም ከገፋ ዘንጎቹን ነው የምታጣምመው። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ ትንሽ ትንሽ ልቅነት አለ፤ ስትደምረው ብዙ ይሆናል።

ቀዩ ቲአር

ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

ከሥር ገባሁ። የፊት ቀኙ ፒን ዙሪያ፣ ልክ እንደተባለው፣ የዝገት መስመር አለ። ጣት ያህል ይረዝማል። የፊት ግራው ላይም ጅምር አለ። የሻንሲው እግሮች መዶሻ ፈተናውን አለፉ፤ አንድ ቦታ ብቻ የኋላ ግራ ጥግ ላይ "ዱፍ" አለ። ካቻቢቴው ገባ 😐

የፍሬን ፒኑ ተበልቷል። የኋላ ፍሬኑ ልቅ ነበር፤ አስተካከልኩት። ፔዳሉ ከፍ አለ! ግን ስፖንጅነቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም። በሞተርና በካቢን መካከል ያለውን የላሜራ ግድግዳ በስልክ ቀረፅኩት፣ ወንድሜ ሲረግጥ። ይንቀሳቀሳል። በመለኪያ ሰዓት (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ) 3 ሚሊ ሜትር። ይህ ማለት በ5 ሲባዛ 15 ሚሊ ሜትር እግሬ ሥር ነው አይደል?

ሂሳብ ይቅደም

አይደለም፣ ቆይ። ይህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰዓቱን የት ላይ ነው ያስቀመጥከው?

የፔዳል ሳጥኑና ማስተሩ አብረው ከግድግዳው ጋር ከሄዱ እንቅስቃሴው አይባዛም። ሁሉም በአንድነት ሄዷላ። የሚባዛው የፔዳሉ ምሰሶ ባለበት ቆሞ ማስተሩ ብቻውን ሲሸሽ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሰዓቱን እግር በማግኔት የፔዳል ሳጥኑ ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ ትከል። ጫፉን ማስተሩ ላይ አሳርፍ። ያ ቁጥር ነው በ5 የሚባዛው።

ቀዩ ቲአር

እንዳልከው ለካሁ። ማስተሩ ከምሰሶው አንጻር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ቀሪው ግድግዳው ራሱ ነው።

ሂሳብ ይቅደም

1.5 በ5፣ 7.5 ሚሊ ሜትር። የተበላው ፒንህ ከተጨመረበት ከ10 በላይ ይሄዳል። ስፖንጅህ ይኸው። አንድ ጠብታ አየር የለበትም። ሳጥኑን ፍታና የብየዳ ነጥቦቹን እይ።

ቀዩ ቲአር

ሁለት ነጥብ ብየዳ ለቋል! ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ከሚያስሩት ቡለኖች አንዱ ደግሞ በእጅ ይዞራል። አየር እያስወጣሁ ስንት ሊትር የፍሬን ዘይት እንዳፈሰስኩ ባልነግራችሁ ይሻላል።

የድሮ መካኒክ

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ያፈሰስክበትን ሁሉ በውሃ እጠበው፣ ዛሬውኑ።

ብየዳ በሌሊት

ጥሩ፣ አሁን ብየዳ። ከሁሉ በፊት የነዳጅ ታንከሩ። የቲአር 6 ታንከር ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከዲፍረንሻሉ በላይ ነው። አንተ የምትበይደው ከሥሩ ነው። "ባዶ አድርጌዋለሁ" ብሎ ነገር የለም፤ ከሞላው ይልቅ በእንፋሎት የተሞላው ባዶ ታንከር ነው የሚፈነዳው። ፈትተህ ከግቢ አውጣው። ባትሪውንና የአልተርኔተሩን ሽቦም ፍታ።

ዲፍረንሻሉን አውርድ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ እንዳይቀጥል። ከዚያ ስንጥቁን በቀጭኑ ከፍተህ በይድ። ማጠንከሪያውን ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁረጥ፤ ፒኑ የቆመበትን የታጠፈ ላሜራ ከሥር እንዲዘጋው። ላሜራውን በአራት ማዕዘን አትቁረጠው፣ ጫፉን አሹለው። በቀጥታ የሚያልቅ ጠንካራ ላሜራ ጭነቱን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይጥለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንጥቁን እዚያች መስመር ላይ ታገኘዋለህ። እኔ የገዛ ሥራዬ ላይ አግኝቼዋለሁ፣ ምን አለፋህ።

አንድ ሦስት ሴንቲ ሜትር በይደህ ወደ ሌላኛው ጎን ሂድ፣ ይቀዝቅዝ፣ ተመለስ። አንድ ወጥ አድርገህ ከሄድክ ሙቀቱ ፒኑን ይጎትተዋል፤ ዲፍረንሻሉም አይገባልህም። ከመጀመርህ በፊት የአራቱን ፒኖች ሰያፍ ለሰያፍ ለካና ጻፍ። አንዲት ቱቦላሬ በላያቸው አጋድመህ በዳዶ ብትይዛቸው ደግሞ የበለጠ። በመጨረሻ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አትርሳ። ሳትበሳ የዘጋኸው ሳጥን የዝገት ማሰሮ ነው። ሰም ደግሞ ወደ ውስጥ ርጭበት።

ለዚህ ሁሉ ቦዲ ማንሳት አያስፈልግም።

ዝም ብዬ አነባለሁ

ልጠይቅ፣ ሻንሲው በዚንክ የተነከረ ከሆነስ?

ብየዳ በሌሊት

የምትበይድበትን ቦታ ዚንኩን ፋቀው፣ ሰፋ አድርገህ። ጭሱን አትተንፍሰው፤ ትኩሳት አስይዞ ያንቀጠቅጥሃል። በሩን ክፈት፣ ጭምብል አድርግ።

ባለ ትልቅ እግር

ፔዳሉን መልሰህ ስትገጥም አንድ ነገር። የኔን ጉድ ልንገርህ።

እኔ ሳጥኑን አጠንክሬ፣ ፒኑን አድሼ፣ በደስታ መግፊያ ዘንጉን "ምንም ልቅነት እንዳይኖር" ብዬ ጥብቅ አድርጌ አስተካከልኩት። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ኮራሁ። ከዚያ ረጅም ቁልቁለት ወረድኩ። ታች ስደርስ መኪናዋ ከበደችኝ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ነዳጅ ጨመርኩ፣ እምቢ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ገባ። ስቆም የፊት ጎማዎቹ ተይዘዋል፣ ቸርኬው እጅ አያስነካም።

ማስተሩ ውስጥ ፔዳል ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ጠርሙሱ የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ትዘጋለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መሄጃ ያጣል፣ ፍሬኑን ራሱ ይረግጠዋል። ያ ደግሞ የበለጠ ያሞቀዋል። መንገድ ዳር አየር ማስወጫዋን ነካ ሳደርጋት ዘይቱ "ፒው" ብሎ ወጣ፣ ጎማው ተለቀቀ። መግፊያ ዘንጉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ልቅነት ተው። እግርህ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይሰማሃል። ይሰማህ።

የድሮ መካኒክ

ይህ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። የፍሬን መብራት ማብሪያውንም ጨምርበት። አንዳንዴ ማብሪያው ራሱ ፔዳሉን ገፍቶ ይዞ እንዳይመለስ ያደርገዋል።

ባለ መዝጊያው

ለማወቅ ያህል፦ የሚዛን ዘንግ ጭራሽ አይረባም እያላችሁ ነው? እኔ ለትራክ ብቻ የምነዳት አለችኝ፣ ገጥሜያለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

ሂሳብ ይቅደም

ለትራክ ከሆነ የተለየ ነው። ዝናብ ሲሆን ወደ ኋላ፣ ሲደርቅ ወደ ፊት ሚዛኑን ታዛውራለህ፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። በመንገድ ላይ ግን ማን ያዛውረዋል? ለገጠመው ሰው ሁለት ነገር ልበል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት ሲረገጥ እንጂ ነፃ ሲሆን አይደለም። ሲገጠም ዘመም ብሎ ቢታይ አትደንግጥ። አየር ስታስወጣም የፊትና የኋላ አንድ አንድ ማስወጫ አብረህ ክፈት። አንዱን ብቻ ከከፈትክ ዘንጉ ይዘምና ሌላው ማስተር ሙሉ መንገዱን አይሄድም። ምንም ሆነ ምን ግን ቀድመው መያዝ ያለባቸው የፊት ጎማዎች ናቸው። የኋላው ቀድሞ ከያዘ ከመንገዱ ወደ ኋላህ ዞረህ ነው የምትወጣው።

ቀዩ ቲአር

ስድስት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፤ አሁን ተመለስኩ።

ዲፍረንሻሉ ወረደ፣ ታንከሩ ወጣ። አራቱም ፒኖች ተበየዱ፣ ከሥር ተዘጉ። ብየዳውን እኔ አልሠራሁትም፤ ላሜራዎቹን ቆርጬ አሹዬ ሰጠሁ፣ እጁ የጠና ሰው በየደው። ሰያፎቹ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ልዩነት አላቸው። "ዱፍ" ያለው ጥግ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተሞላ። "ቋ" የለም። ፍሪሲዮን ስለቅ ጆሮዬን ቀጥ አድርጌ እጠብቃለሁ፣ የለም።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር። ፊት ቀኙን ጥግ በክሪክ ሳነሳ ድሮ በሩ አይዘጋም ነበር። የመኪናዋ ዕድሜ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። አሁን ይዘጋል።

የፔዳል ሳጥኑ ተፈቶ ተበየደ። በግድግዳው ማዶና ማዶ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሳህን አደረግሁለት፣ ቡለኖቹ በሱ ውስጥ ያልፋሉ። ማስተሩ ከምሰሶው አንጻር 0.2 ሚሊ ሜትር ነው አሁን የሚሸሸው። ሰርቮው አለ። የሚዛን ዘንጉ ሳጥን አልተገዛም። የነዳጅ ሳህኗ በሁለት ቡለን ታስራለች። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስወርድ ሞተሩን ከፍ አድርጌ አስገባሁት፤ ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮህኩ።

እንደተሠራ ይቆይ

የተቆረጠው የበሰበሰው ብቻ ነው። እንኳን ደስ አለህ።

ባለ ትልቅ እግር

1 ሚሊ ሜትሯን ተውካት?

ቀዩ ቲአር

ተውኳት 🙂 በስፔሶሪሜትር፣ በክፍተት መለኪያው ምላጭ ነው የለካሁት። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላም ወርጄ አራቱንም ቸርኬ በእጄ ነካሁ።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። የፍሪሲዮን ፒኑንም አድሻለሁ፣ ቀዳዳው ተሞልቶ ተበስቷል። ሆኖም የሚለቀው ወለሉ አጠገብ ነው። ኋላ ማርሽ ሳስገባ ይፋጫል። ማስተሩ አዲስ ነው፣ ታችኛው ሲሊንደርም አዲስ ነው፣ ዘይት አይጎድልም።

የድሮ መካኒክ

ሰው አስረግጥና ከሥር ሆነህ ካምቢዮው ጎን ያለችውን ክንድ እያት። ክንዷ ደህና ትሄዳለች?

ቀዩ ቲአር

አዎ ጋሼ፣ በደንብ ትሄዳለች። ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ።

የድሮ መካኒክ

እንግዲያው ውጪ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ውስጥ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀውን ሹካ ከዘንጉ ጋር የምታስር ሾጣጣ ፒን አለች። እሷ ተቆርጣለች ወይም ልትቆረጥ ነው። ዘንጉ ይዞራል፣ ሹካው ግማሹን ብቻ ይከተለዋል። ካምቢዮው መውጣት አለበት። አዲሷን ፒን ስታስገባ በዚያው ሹካውንና ዘንጉን አቋርጠህ ሁለተኛ ቀዳዳ ብሳ፣ ጠንካራ ቡለን አሳልፍ። ሁለተኛ አታወጣውም።

ዝም ብዬ አነባለሁ

ኧረ ጋሼ፣ ገና መንዳት መጀመሩ ነበር!

ቀዩ ቲአር

የዚህች መኪና ካምቢዮ በካቢኑ በኩል ነው የሚወጣው አይደል? ወንበሮቹን ፈትቼ ጨረስኩ። የመሃሉን መሸፈኛ እያነሳሁ ነው። ፎቶ ማታ እለጥፋለሁ።